ሸጌን ትንሽ አሟታል

በዕድሜዬ ሦስት በሽተኛ አስታምሜያለሁ፤ አባቴን፣ የሐሞት ጠጠር ያስወጣች ጊዜ ባለቤቴን፣ እና አንዲት ዶሮ። ከሦስቱ ያከሳችኝ ዶሮዋ ናት። አባቴ ውሃ ሲጠማቸው ውሃ ይሉ ነበር። ባለቤቴ አስካለም የጠማትንም ያልጠማትንም ትናገር ነበር። ዶሮ ግን የቱ ጋ እንደሚያማት አትነግራችሁም። ዓይኗን ትከድናለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ በቃ። የቀረውን እናንተ ገምቱ።

«ለዶሮ ይሄ ሁሉ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ዶሮዋ የኔ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቢላዋ ያልቅና እናንተም ይህን አታነቡም ነበር። ችግሩ የእትዬ ዘይነባ መሆኗ ነው።

እትዬ ዘይነባ ጌጃ ሰፈር ከኛ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና አንድ የመብራት ቆጣሪ የሚጋሩ የወሎ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸውም ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ዕድሜያቸው ስድሳ ምናምን ነው፤ ምናምኑን ጠይቆ በሰላም የተመለሰ ሰው የለም። ቤታቸው ውስጥ ከሳቸው ሌላ ነፍስ ያላት ሸጌ ብቻ ናት። ሸጌ ገብስማ ዶሮ ናት። ጠዋት ጠዋት እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያወሯታል፤ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ሳልፈልግም እሰማለሁ። የልጆቻቸውን ጠባይ፣ የጉልበታቸውን ቁርጥማት፣ ሌሊት ያዩትን ሕልም፣ ሁሉንም ለሷ ነው። እኔን በሃያ ዓመት ጉርብትና አንድ ቀን እንኳ እንደሷ አማክረውኝ አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ስልኬ ጮኸ። ሰዒድ የሚባለው የእትዬ የእህት ልጅ ነው፤ ከደሴ ነው የሚደውለው።

«ጋሼ፣ እናቴ ሌሊቱን አረፈች» አለኝ።

የሰዒድ እናት ኸዲጃ የእትዬ ታላቅ እህት ናቸው። እትዬ በዚህ ዓለም የቀሯቸው እህት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የምለው ጠፍቶኝ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ለአክስቴ ግን እንዳትነግራት። ግፊት አለባት። ትንሽ አሟታል በላትና አሳፍራት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በኛ አገር ሰው በስልክ አይሞትም። መጀመሪያ ትንሽ ያመዋል። ከዚያ ትንሽ ጠንከር ይልበታል። መንገድ ከጀመራችሁ በኋላ ሐኪም ቤት ይገባል። ሞቶ የሚገኘው እናንተ ደርሳችሁ ድንኳኑን ያያችሁ ጊዜ ነው። ሁላችንም እንዲህ ተዋሽተናል፣ ሁላችንም እንዲህ ዋሽተናል። ሁላችንም እያወቅን ደግሞ ሲነገረን ለማመን እንሞክራለን። እኔ ይህን ሕግ አላወጣሁትም፤ ያን ማለዳ ግን ሥራ ላይ አዋልኩት።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ፣ እህትዎን ትንሽ አሟቸዋል አሉ። ደርሰው ቢያዩዋቸው…»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «ማን አለ?»

«ሰዒድ።»

«ትንሽ?»

«ትንሽ።»

«ወላሂ በል።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን ምን ላድርግ፣ እያዩኝ ነው፤ «ወላሂ» አልኩ። አስካለ በኋላ ስትሰማ «በሰው ሃይማኖት በሐሰት መማል እጥፍ ኃጢአት ነው» አለችኝ። የት እንዳነበበችው አልነገረችኝም።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳቸው። ሊወጡ ሲሉ ዞረው «ሸጌን አደራ» አሉኝ። «ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አንተን ነው የማምነው።»

ረቡዕ ደወሉ። ድምፃቸው ደርቋል። «ቀብረው ጠበቁኝ» አሉ። «አንተም ታውቅ ነበር፣ አይደል?» አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢረግሙኝ እንዴት ደስ ባለኝ። «ሸጌስ ደህና ናት?» ብቻ አሉ። «በጣም ደህና ናት» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ከአስካለ ጋር በቃሪያ ስትጣላ ትቻት ነው የገባሁት።

ስልኩን ስዘጋ ለእኚህ ሴት ከእንግዲህ እንኳን ትልቁን ትንሹንም ውሸት አልዋሽም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መማል ብቻ ቢሆን ደግ፤ እኔ ጸጸቴን በዶሮዋ ሆድ በኩል ለመወጣት ወሰንኩ። ወጥ ቤት አማቴ የላኩልን አንድ ከረጢት ድርቆሽ ተንጠልጥሏል። አንድ እፍኝ በተንኩላት፤ ጠራርጋ በላች። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛውን ስጨምር አስካለ በመስኮት «ኧረ ሰውዬ፣ ልትድራት ነው?» ብላ ነበር። «ዝም በይ፣ እንግዳ ናት» አልኳት። ሸጌ ድርቆሹን በልታ ስትጨርስ ውሃ መያዣዋ ጋ ሄደች፤ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች። እኔም ወገቤን ይዤ ቆሜ በደስታ አየኋት። ድርቆሽ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ያን ቀን አንድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሸጌ ጥግ ይዛ ቆማለች። ላባዋ ተነፋፍቷል፣ ክንፎቿ ወርደዋል፣ ዓይኗ ተከድኗል። ጥሬ ብበትንላት አላየችም። አንገቷን ዘርጋ ታደርግና አፏን ከፍታ ትዘጋዋለች።

ጋሽ ደቻሳን ጠራሁ። ጋሽ ደቻሳ የግቢያችን ሦስተኛ አባወራ ናቸው። ከወለጋ በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜ ልካቸውን በጤና ረዳትነት ሰው ሲወጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁንም ሰፈሩ ድሬሰር ይላቸዋል። ሁለት ቀይ ዶሮዎችና አንድ ጉረኛ አውራ ዶሮ አሏቸው። ሸጌን ከሦስት ሜትር ርቀት አይተው «ፈንግል» አሉ።

«ሳይነኳት?»

«ፈንግልን የነካ ሐኪም አይባልም» አሉና የራሳቸውን ዶሮዎች ሰብስበው ቁልፍ ቆለፉባቸው። ከዚያ በመስኮታቸው ብቅ ብለው «ሳትሞት ብትታረድ ይሻላል» አሉኝ።

ነገሩ ቀላል መሰላችሁ? ማን ያርዳታል? እኔ ባርዳት እትዬ አይበሏትም። የጥግ ባለሱቁ ኑሪ ቢያርዳት እኛ አንበላትም። ጋሽ ደቻሳ ጴንጤ ናቸው፤ ማንም ይረደው ማን ይበላሉ፤ ግን ራሳቸው ፈንግል ያሉትን ዶሮ ሊበሉ ነው? ቢበሉስ የሰው አደራ አይደለች? እኛ ደግሞ ጾም ላይ ነን፤ እስከ ፋሲካ ሥጋ በአፋችን አይዞርም። አስካለ ስታስበው ቆይታ «ይቺ ዶሮ መዳን ነው እንጂ ሌላ ምርጫ የላትም» አለች። ከተጋባን ጀምሮ ከተናገረችው ሁሉ ያለ ክርክር የተቀበልኩት ይሄን ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ደወሉ።

«ሸጌስ?»

አያችሁ፣ እኔ ምዬአለሁ። ላልዋሽ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ትንሽ አሟታል» አልኩ።

ከኋላቸው የለቅሶ ቤት ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል።

«ትንሽ?»

«ትንሽ።»

«መቼ ሞተች?»

«ኧረ እትዬ አልሞተችም! አሟት ነው!»

«አውቀዋለሁ። አሟት ነው። መቼ ሞተች?»

ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ በእናቴም በአባቴም አልኩ። በማልኩ ቁጥር ለቅሷቸው እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ ሰዒድ ስልኩን ተቀበላቸው። «ጋሼ፣ በሐዘን ላይ ሐዘን? እንደምንም ብለህ አታቆየውም ነበር?» አለኝ። አልሞተችም ብዬ ጮህኩበት። «እሺ እሺ» አለና ራቅ ብሎ ሄዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን አትሰማም። ለኔ ንገረኝ፤ መቼ ነው የሞተችው?» አለኝ።

ማስረጃ ማቅረብ ነበረብኝ። ስልኩን ወስጄ የሸጌ አፍ ላይ ደቀንኩት። «ሸጌ፣ በይ ተናገሪ» አልኳት። ጭራሽ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ከተተችው። ደህና ጊዜ ስታሽካካ ሰፈር የምታስነሳ ዶሮ፣ ዛሬ ምስክርነት ስትጠየቅ ዝም!

እዚህ ላይ ነው ያልታደለ ጭንቅላቴ አንድ ሐሳብ ያመጣው። ጋሽ ደቻሳ ጋ ሮጬ አንዷን ቀይ ዶሮ እንዲያውሱኝ ለመንኩ። ጋሽ ደቻሳ የእምነት ሰው ናቸው፤ ውሸት በጭራሽ። ጥቂት አሰቡና «እኔ ሸጌ ናት አልልም። ዶሮዋ ግን የፈለገችውን የመናገር መብት አላት» ብለው ከፈቱልኝ። ቀይዋም አላሳፈረችኝም፤ ስልኩን ስታይ ግቢውን አናጋችው።

«ሰሙ እትዬ?»

«ሰማሁ» አሉ እትዬ። «የደቻሳ ቀይ ዶሮ ናት። የኔን ዶሮ ድምፅ አላውቅም ብለህ ነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ዶሮዋ መሞቷ ብቻ ሳይሆን እኔ መደበቄም ተረጋገጠ። ይሄ አልበቃ ብሎኝ ለሰዒድ ፎቶ ላኩ። ሸጌን እንዳይበርዳት በነጭ ፎጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስተኝቻት ነበር። ዓይኗን ጨፍናለች። የደሴ ለቅሶ ቤት ሴቶች ስልኩን እየተቀባበሉ አዩት አሉ። አንዷ ሴትዮ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ከፍነው ደግሞ ፎቶ ያነሳሉ?» ማለቷን ሰዒድ ራሱ ነገረኝ።

በዚህ ዓለም ላይ የቀረኝ ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ ዶሮዋን በእግሯ አቁሞ ማሳየት።

ዓርብ ጠዋት የሥራ አለቃዬ ወይዘሮ ብርነሽ ጋ ደወልኩ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። «ቤት ውስጥ በጠና የታመመች አለችብኝ» አልኩ። «ውይ! ወይዘሮ አስካለ ናት?» አሉ። «አይደለችም፤ አደራ የተሰጠችኝ ናት» አልኩ። አልዋሸሁም። ምስክሬ ናችሁ፣ በዚያ ሳምንት ከሰኞ ማለዳ በኋላ፣ ቀይዋን ዶሮ ካልቆጠራችሁ፣ አንድም ቃል አልዋሸሁም። «እግዜር ይማራት፤ አይዞህ፣ አስታምም» አሉኝ።

ሸጌን በዘንቢል ይዤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። በዘንቢሉ አፍ ላይ ጭንቅላቷ ብቅ ብሏል። እስቲ አስቡት፤ ሁዳዴ፣ ያውም ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ገብስማ ዶሮ ይዞ ጥግ ጥጉን ሲሄድ። በፋሲካ ዋዜማ ቢሆን ማንም አያየኝም። በሁዳዴ ግን ገብስማ ዶሮ ወዴት እንደምትሄድ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ጠንቋይ ቤት ነው። ከአስካለ ጋር ማኅበር የሚጠጡ ጓደኛዋ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊት ለፊት ገጠሙኝ። ዶሮዋን አዩ። እኔን አዩ። «ታማብኝ ነው» አልኩ ሳይጠይቁኝ። «እሷ ናት የታመመችው?» አሉና አማተቡ። እኔ ቤት ሳልመለስ ወሬው አስካለ ጋ ደርሷል።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ጓንት አጠለቀች፣ የሸጌን አንገት ሥር ዳበሰች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አበላሃት?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያብጥም።» እጄን ይዛ አስነካችኝ። ዶሮ እህል መጀመሪያ የምታጠራቅምበት ከረጢት ደረቷ ላይ አለ፤ የሸጌ እንደ ኳስ ተወጥሯል።

«ድርቆሽ» አልኩ ወለሉን እያየሁ።

«ስንት?»

«አራት እፍኝ።»

ልጅቷ ላለመሳቅ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ኮስተር ብላ ነገረችኝ። ፈንግል አይደለም። ምግብ የሚባል ነገር እንዳትቀምስ። መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ዘይት አፏ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረግሁ በየሁለት ሰዓቱ ከረጢቱን ቀስ አድርጌ ማሸት አለብኝ። ድርቆሹ ከፈረሰ ትድናለች። «እስከ ነገ ማታ ካልፈረሰ ግን ተስፋ የላትም» አለች።

እኔ ነኝ ያሳመምኳት። ያመኑኝን ሴት የእህታቸውን ሞት ደብቄ፣ ዶሯቸውን ደግሞ በደግነት ልገድል ነው። እየተመለስኩ እንባዬ መጣ፤ አልዋሻችሁም።

ጋሽ ደቻሳ ፈንግል አለመሆኑን ሲሰሙ የቆለፉትን ከፍተው፣ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ጋዋኑን ጡረታ ሲወጡ እንዳልመለሱ ያን ቀን አወቅን። ደብተር ያዙ። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ታሸች። ፊቷን አዞረች።» «ስድስት ሰዓት፤ ታሸች። አስታማሚውን ነከሰች።» «ስምንት ሰዓት፤ ታሸች። በሽተኛዋ ደክሟታል፣ አስታማሚውም።» በየመሃሉ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ይጸልዩላታል። አስካለ የባልትናዋን የኑግ ዘይት አመጣች። «መቼም የጾም ነው» አለች። እህል ውሃ ሳትል የዋለች ዶሮ ስለሆነች፣ ያን ዓርብ ከግቢያችን በሥርዓቱ የጾመች ሸጌ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። እኔማ ከጭንቀት የተነሳ በሦስት ሰዓት ቆሎ ቆረጣጥሜያለሁ።

ቅዳሜም ዋለ። ከረጢቱ ለስለስ ያለ ይመስለኛል፣ መልሶ ደግሞ የደረቀ ይመስለኛል። ሸጌ ከስታለች፤ ሳነሳት እጄ ላይ የለችም ማለት ይቻላል። እትዬ ጋ ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ሰዒድም አያነሳም። ተቀይመውኛል አልኩ፤ ቢቀየሙኝ ምን ይደንቃል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን አስከትለው፣ ነጠላ ለብሰው፣ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው። በሽተኛ ሊጠይቁ!

እንዴት እንዳልገመትኩት እግዜር ይወቅ። በጠና ታመመች የተባለችን ሴት ሳይጠይቅ ቅዳሜን የሚያሳልፍ መሥሪያ ቤት የት አለ? አስካለ ወንበሮቹን አውጥታ ግቢው ውስጥ ደረደረችላቸው። ተቀመጡ።

«በሽተኛዋስ እንዴት ዋለች?» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ በለሆሳስ። «ተኝታ ከሆነ አንቀስቅሳት።»

አስካለ እኔን አየች። እኔ ጋሽ ደቻሳን አየሁ። ጋሽ ደቻሳ በጋዋናቸው ቀጥ ብለው ቆመው ደብተሩን ገለጡ። «በሽተኛዋ ትናንት ስድስት ጊዜ፣ ዛሬ አራት ጊዜ ታሽታለች» ብለው ጀመሩ። «ምግብ የለም። ሰገራ የለም።»

«እኔን!» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ ደረታቸውን ይዘው። «ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው።»

«ሕፃን ናት?!»

ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም። ካርቶኑን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ሦስቱም አጎንብሰው አዩ። ሥራዬን ያጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ወይዘሮ ብርነሽ ቀስ ብለው ወንበራቸውን አስተካከሉ። መቼም ከመጡ በኋላ ሳይጠይቁ አይሄዱ ነገር። «ሐኪም ምን አላት?» አሉ።

እኔም ከሰዒድ ስልክ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የእትዬን እህት፣ ወላሂውን፣ ድርቆሹን፣ ቀይዋን ዶሮ። ስስቅ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ እኔም አልሳቅሁ፣ እነሱም አልሳቁ። ወይዘሮ ብርነሽ «እስቲ ስጠኝ፤ እናቴ ቤት ዶሮ ነበረን» ብለው ሸጌን ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና ይዳብሷት ጀመር። የፈቃድ ወረቀት የሚፈርምልኝ እጅ የዶሮ ደረት ሲያሽ አየሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሸጌ አንገቷን ዘረጋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ የወይዘሮ ብርነሽ ቀሚስ ላይ የሦስት ቀኑን ሁሉ ለቀቀችው።

«ወረደ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ደቻሳ። «ገለታ ለጌታ! ወረደ!» አስካለ እልል አለች። ቀሚሳቸው የተበላሸው አለቃዬ ሳይቀሩ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን» አሉ። ሸጌ ከጭናቸው ወረደች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ደከማትና ካርቶኗ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ዓይኗ ግን ተከፍቷል።

ሮጬ ሰዒድ ጋ ደወልኩ። አሁን አነሳ። «ድናለች! ለእትዬ ንገራቸው!» አልኩ። «አክስቴ እኮ ሌሊት ተሳፍራለች» አለኝ። «ከእህቷ ቀብር ቀረሁ፣ የሸጌን እንኳ የተቀበረችበትን ልይ ብላ እምቢ አለች። እስካሁን ሳትደርስ አትቀርም።»

ስልኩን ሳልዘጋ የግቢው በር ተከፈተ።

እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሻንጣቸውን እንደያዙ ደፍ ላይ ቆሙ። አስቡት እንግዲህ እሳቸው ያዩትን፤ ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፣ የማያውቋቸው ሰዎች ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ደቻሳ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፣ የአስካለ ዓይን በእንባ ቀልቷል። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ቆዩ፤ አትንገሩኝ» አሉ። «ቁጭ ልበልና ነው የምሰማው።»

ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና መሬት መሬት አዩ። ሁሉም እኔን ይመለከታል። ምን ልበል? አፌን ብከፍት ማን ያምነኛል? አልሞተችም ብዬ ነበር፣ ድናለች ብል ምን ይለያል? ምንም ሳልናገር ካርቶኑን አንስቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

ወደ ውስጥ አላዩም። ቆይተው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እጃቸውን ሰደዱ። ላባዋን ነኩ። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ሙቅ ናት» አሉ።

ሸጌ ድክም ባለ ድምፅ አጉረመረመች። ዓይናቸውን ገለጡ።

«እውነትም አሟት ነበር?»

«አሟት ነበር፣ እትዬ።»

«ትንሽ?»

«በጣም። ልትሞት ነበር። እኔ ነኝ ያሳመምኳት።»

የመጨረሻውን የሰሙኝ አይመስለኝም። ዶሮዋን አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፏትና ያለቅሱ ጀመር። ለሸጌ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን። በደሴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ከቀብር ቀርተው እንዴት አድርገው እህታቸውን ያልቅሱ? «ኸዲጃ፣ ኸዲጃዬ» አሉ። አስካለ ሄዳ ትከሻቸውን ያዘች። ወይዘሮ ብርነሽ ሊሄዱ ተነስተው ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለቱ ባልደረቦቼም ተቀመጡ። በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች፣ አይተዋቸው ለማያውቁት ለኸዲጃ ለቅሶ ተቀመጡ። ጋሽ ደቻሳ ጋዋናቸውን አውልቀው ወንበራቸውን አቀረቡ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ለቅሷቸው በረድ ሲል እትዬ ሸጌን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፤ እኛን ረስተው ልክ እንደ ጠዋት ጠዋቱ ያወሯት ጀመር።

«እናቴን አሟታል አሉኝ፤ ሄድኩ፤ ቀብረዋታል። ወንድሜን አሞታል አሉኝ፤ ሄድኩ፤ ቀብረውታል። ኸዲጃንም እንዲሁ» አሉ። ላባዋን አለሰለሱላት። «አሟታል ተብዬ የደረስኩልሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»